ቅዳሴ በቤት፦ ምርኩዝ ለሚያስፈልገው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና የአጥቢያችን ምእመናን፣ በዘመናችን የቅዳሴውና የስብከቱ ድምፅ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ብዙ ቤት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰሙነ ሕማማትንና በዓለ ትንሣኤን ብዙዎቻችን በየቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን መከታተላችን አይዘነጋም። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ እኛ ወደ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል። ሊመለሱ ያልቻሉ ግን አሉ፤ ጉልበታቸው የከዳቸው አረጋውያንና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማን ናቸው። እነዚህን ወገኖች በአንድ ትንሽ ሥራ ማገልገል እንደሚቻል በቅርቡ ስላየሁ፣ ሥራውንም ከሥራው ጋር የሚመጣውንም ጥያቄ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ታመው ደረጃ መውረድ አልቻሉም። በአሜሪካ የሚኖር ልጃቸው በኢንተርኔት የሚሠራ የቴሌቪዥን ሳጥን ላከላቸው። ሳጥኑ ግን ዋይፋይ የለውም፤ ከኋላው ያለው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ብቻ ነው። ራውተሩ በሌላ ክፍል ነው፤ ቤቱም ኪራይ ስለሆነ አከራዩ ግድግዳ እንዲበሳ አልፈቀዱም። በዩኒቨርሲቲ ከምማረው ትምህርት የተነሣ ነገሩ ለእኔ ተሰጠ።

በመጀመሪያ የተመለከትሁት የኃይል መሙያውን ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። በመሙያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው። ቀጥሎ ስልኬን ቴሌቪዥኑ ባለበት ቦታ ይዤ ዋይፋዩ በደንብ መድረሱን አረጋገጥሁ። በዚያ ቦታ ለስልክ በደንብ የማይደርስ ሞገድ ለሌላ መሣሪያም በደንብ ላይደርስ ይችላልና።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው በሁለቱ መካከል የሚቆም መሣሪያ ነው። ይህም ዋይፋይ ተቀብሎ በገመድ የሚያወጣ ትንሽ ራውተር ሲሆን፣ ብሪጅ ወይም ክላየንት በሚባለው አሠራር መሥራት የሚችል መሆን አለበት። የገመድ መሰኪያ ያለው የዋይፋይ ማራዘሚያም ይህን ሥራ ይሠራል። በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ግን ሳጥኑ የሚያውቀው ሶፍትዌር ከሌለው ዋጋ የለውም። መሣሪያውን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ፣ ከሥሩ በተለጠፈው አድራሻ የማስተካከያ ገጹን ከፈትሁ። የክላየንቱን አሠራር መርጬ፣ ከተዘረዘሩት ስሞች የቤቱን ኔትወርክ ለይቼ፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳላምታታ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚፈጥነው በቅርብ ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ግን ግድግዳን ይሻላል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥሁ። በመጨረሻም ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅዬ በሳጥኑ ሰካሁ፤ በሳጥኑም ላይ በገመድ የሚለውን መርጬ አድራሻውን በራሱ እንዲቀበል ተውሁት። ሥዕሉም ድምፁም መጣ።

በሞባይል ዳታ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ ጥራት ያለው ሥዕል በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ጥራቱ ወደ 1 ሜጋቢት ዝቅ ቢል ግን ግማሽ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ለጸሎት ደግሞ ከሥዕሉ ይልቅ ድምፁ ይበቃል።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዜማውን ሰምተው ዕንባቸውን ጠረጉና፣ «ዲያቆን፣ ይኸ እንዳስቀደስሁ ይቆጠርልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ የእኔ አልነበረምና፣ «ይህንንስ የንስሐ አባትዎ ይንገሩዎት» አልኋቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው ግን ሪሞቱን አንሥቶ፣ «እንግዲያውስ እኔም ከዚሁ አስቀድሳለሁ» አለ። እማማ ዘወር ብለው አዩትና፣ «እኔ ምርኩዝ የያዝሁት ስላረጀሁ ነው፤ አንተ ምን ሆነህ?» አሉት።

የንስሐ አባታቸው በሳምንቱ መጥተው መልሱን ሰጡ። እማማ በቤታቸው ሆነው ከልብ ቢጸልዩ እግዚአብሔር ናፍቆታቸውን እንደሚያይ አጽናኗቸው፤ ሥጋ ወደሙን ግን በመስኮተ ትዕይንት መቀበል እንደማይቻል አስረዷቸው። ወደ እኛም ዞረው፣ «ሳጥን ተከላችሁላቸው፤ መልካም። ማን ያወርዳቸዋል?» አሉን። ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ማለዳ አራት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እማማን በወንበር ተሸክመው ከአራተኛ ፎቅ አወረዷቸው። ከአራቱ አንዱ የልጅ ልጃቸው ነበር። በዚያ ቀን ቈረቡ።

ወገኖቼ፣ የካህኑ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። መሣሪያ በተከልን ማግሥት «አሁንማ ከቤታቸው ሆነው ያያሉ» ብለን ጠያቂነታችንን ብንተው፣ ገመዱ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያገናኛቸው ሳይሆን ከእኛ የለያቸው ይሆናል። ታምሜ ጠይቃችሁኛል ወይም አልጠየቃችሁኝም የሚለው የጌታችን ፍርድ በሰው እግር የሚፈጸም ነው እንጂ በሞገድ አይደለም። በመካከል የቆመው ትንሽ መሣሪያ ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የተቀበለውን ብቻ ያደርሳል። የእኛም አገልግሎት እንዲሁ ነው፤ የተቀበልነውን ማድረስ፤ ነገር ግን በእግራችን ሄደን ማድረስ።

ስለዚህ በየቤቱ የምትከታተሉ ሁሉ፣ ዲያቆኑ ለጸሎት እንድንነሣ ሲያዝ አቅም ያላችሁ ቁሙ፤ ማዕዱን አንሡ፤ ስልኩን ዝጉ፤ ቅዳሴውን ለሥራ ማጀቢያ አታድርጉት። እግር ያላችሁ ደግሞ ተነሡና ወደ ቤተ መቅደስ ሂዱ። በአጥቢያችን ከቤት መውጣት ያልቻሉ አረጋውያንን የምታውቁ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የምግባረ ሠናይ ክፍል ንገሩ። ገመዱን የሚዘረጋም ወንበሩን የሚሸከምም ወጣት አለና።

እግዚአብሔር አምላክ ሕሙማንን ይፈውስልን፤ እኛንም ለአገልግሎት ያትጋን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።