የዶሮ ቤት በካርቱም

ባለፈው እትም «እዚህ ካምፕ ውስጥ ዶሮ ማርባት የጀመርን ሰዎች በሙቀቱ እየሞተብን ተቸግረናል፤ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። እኛም በካርቱም፣ በዴም ሠፈር፣ አንድ ግቢ ተከራይተን ለስድስት ዓመት ያህል ዶሮ ያረባን አራት ሰዎች ስለሆንን ያየነውን ለማካፈል ብዕር አነሣን።

በአገራችን፣ በጎንደርም ሆነ በጎጃም ወይም በወሎ፣ ለዶሮ ለብቻዋ ቤት የሚሠራ ገበሬ ብዙ አይደለም። ሲመሽ ከሰው ጋር ትገባለች፣ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ በሩም ይዘጋል። ምክንያቱም አንድም ብርዱ፣ አንድም ሸለምጥማጡ ነው። ይህ ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎችም ጊኒ ፒግ የምትባለውን ጅራት የሌላት ትንሽ እንስሳ ከጥንት ጀምሮ ማድ ቤታቸው ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ያረቧታል። ደገኛ ሁሉ ቤት ሲል አስቀድሞ የሚያስበው ሙቀትን ነው።

ካርቱም ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይውላል። በተከራየነው ሆሽ ጥግ ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች አሮጌ የዚንክ ክፍል ነበረች። የቤቱ ባለቤት ሐጃ ዶሮ ልናስገባባት ማሰባችንን በሰሙ ጊዜ፣ «እዚያ ውስጥ ዶሮ አይበረክትም፤ የኔም በአንድ የሙቀት ወራት አልቋል» ብለው አስጠነቀቁን። ከመካከላችንም አንዱ፣ «ነገ ለምንለቀው የሰው ግቢ፣ ከሻ መጥቶ በማንኛውም ሌሊት ሊያፍሰን ለሚችል ሰዎች፣ የምን የዶሮ ቤት ነው?» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «እኛ ነገ እንሄድ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ዛሬ ነው ያለው» ብላ መለሰችለት። ሥራውም ተጀመረ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ዶሮ ላብ እንደሌላት ነው። የሰውነቷ ሙቀት በደኅናው ቀን እንኳ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏንም ከጎኗ ታራርቃለች። ሜዳ ላይ የተለቀቀች ዶሮ ሌላም ዘዴ አላት፤ እግሯ ወደ ጥላ ይወስዳታል፣ እርጥብ አፈር ጭራ ትተኛበታለች። በር የዘጋንባት ዕለት ይህን ዘዴዋን ወሰድንባት ማለት ነው። ስለዚህ በሩን የሚዘጋ ሰው ጥላውንና ውሃውን በእርሷ ፈንታ ማሰብ ግዴታው ይሆናል። በዚንክ ቤት ውስጥ የከረምን እኛ ይህን የሚያስረዳን መምህር አያስፈልገንም።

ከዚንኩ በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ክፍተት ትተን፣ በእንጨት ላይ የማሽላ አገዳ ረብርበን እንደ ራኩባ ሁለተኛ ጣራ አደረግንለት። በሁለቱ መካከል ነፋስ ስለሚያልፍ የፀሐዩ ግለት ከታችኛው ጣራ አይደርስም። ዚንኩንም ኖራ ቀባነው። የክፍሏ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የዞረ በመሆኑ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው አጭሩን ጎን ብቻ ነበር፤ አዲስ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ከመሠረቱ አስቡበት። ረጅሞቹን ግድግዳዎች ከወገብ በላይ ገንጥለን በሽቦ መረብ ተካናቸው። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ጆንያ ሰቅለን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ እንረጨው ነበር። የካርቱም አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥቡ ጆንያ ነፋሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ዝናብ ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ሐቡብ ሲነሣም ያንኑ ጆንያ እስከ ታች አውርደን አቧራውን እንከላከልበታለን።

ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ ጥላ ሥር ከተቀመጠ አሮጌ ዚር እየቀዳን በሸክላ ገበቴ እናቀርባለን። በፕላስቲክ ዕቃ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ይግላል፤ የጋለ ውሃ ደግሞ ዶሮ አትጠጣም። መኖውን፣ ማለት ዱራና የተረፈውን ኪስራ፣ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ እንሰጣለን፤ በቀትር የበላች ዶሮ ሙቀት ይጨምርባታልና።

ስለ ስፋት የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ወይም ከአምስት ዶሮ በላይ አታስገቡ። በሙቀት አገር ከዚህም ማነስ ይሻላል። ለመተኛ ቆጥ፣ ለእንቁላል መጣያ ሣጥን፣ ከመሬቱም ላይ ደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የጠላት ነገር ነው። ካርቱም ከተማ ውስጥ ሸለምጥማጥ አላየንም፤ ድመት፣ አይጥና እባብ ግን ሞልቷል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ያግዳታል እንጂ እባቡን እንዳይገባ አያግደውም። ስለዚህ ታችኛውን ክፍል ጠባብ ቀዳዳ ባለው ሽቦ ሸፍነን፣ ጫፉን ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ ቀበርነው። ፈንግል የሚባለው በሽታ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንዴ ከገባ ግቢውን ባዶ ያደርጋል። ክትባት ስላለው እንስሳት ሐኪም ሲገኝ ጊዜውን ጠብቆ ማስከተብ ነው። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ወለሉን ከግቢው መሬት ሁለት ስንዝር ከፍ አድርገን ደለደልነው። ይህን ያደረግነው የካርቱም ነባር ስደተኞች ስለ 1980 ዓ.ም. ሲያወሩ ስለ ሰማን ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአንድ ቀን ውስጥ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጥሎ ጭቃ ቤቱን ሁሉ ስላፈረሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆኖ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻም ዓባይ ከልክ በላይ ሞልቶ በአገሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የኛ ግቢ ውሃ ቢያቁርም ዶሮዎቹ በደረቅ ወለል ላይ አደሩ። ሐጃ መጥተው አዩና፣ «እናንተ ለዶሮ ከሠራችሁት ቤት የኔ መኝታ ቤት ይከፋል» ብለው ሳቁ።

በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። እኛ በጾሙ እንቁላል ስለማንቀምስ ለሠፈሩ ሰው ለማታ ፍጡራቸው እንሸጥ ነበር። ሁለት አውራ ዶሮዎች ለፋሲካ ለይተን አስቀምጠናል። ሚያዝያ 7 ቀን፣ በቅዳም ሹር ጠዋት፣ ለዶሮ ወጡ የሚሆን ሽንኩርት ስንልጥ ተኩስ ተጀመረ። ዴም ከአየር ማረፊያው ብዙ ስለማይርቅ ምድሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃም ተቋረጠ። ፋሲካን በወለል ላይ ተኝተን አሳለፍነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ዚሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ በኩባያ እየለካን እንጠጣ ነበር። ከመካከላችን፣ «ለሰው የማይበቃ ውሃ ለዶሮ አይሰጥም» ያለ አለ። «የዘጋንባቸው እኛ ነን» ያለችም አለች። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ እንዲሰጣቸው ተስማማን። ለመውጣት በቆረጥን ጊዜ ዶሮዎቹን ይዘን እንሂድ የሚል ሐሳብ ቢነሣም፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብን፣ ልጅና ሰነድ መያዙ ይበቃል አልን። ሐጃ ግን፣ «እኔ ከቤቴ አልወጣም» ስላሉ ቁልፉን፣ የቀረውን ዱራና ዶሮዎቹን ለእርሳቸው አስረክበን ወደ ገዳሪፍ መንገድ ጀመርን።

ከወራት በኋላ በሰው ስልክ ወሬያቸውን አገኘን። ገበያ በተዘጋበት ጊዜ እንቁላሉን ከጎረቤት ጋር ተካፍለውታል። እህሉ ሲያልቅ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አርደው በልተዋል። ዶሮዎቹ ካለቁ በኋላ ደግሞ በቀትር እዚያች ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ያርፉባት እንደ ነበር ነገሩን፤ መብራት በጠፋበት ከተማ በግቢው ውስጥ ቀዝቃዛዋ ቦታ እርሷ ብቻ ነበረችና።

እንግዲህ እዚህ ካምፕ ውስጥ ዚንክም ሆነ የሽቦ መረብ በቀላሉ አይገኝም። ያለን ፕላስቲክ ሸራ፣ እንጨትና የማሽላ አገዳ ነው። ሸራው ለብቻው ከዚንክም የባሰ ያፍናል፤ ስለዚህ ሸራውን ለዝናቡ ከሥር፣ አገዳውን ለፀሐዩ ከላይ አድርጉት፤ መካከሉን ለነፋስ ተዉት። ሽቦ ለሌለው ጥቅጥቅ ብሎ የታሠረ አገዳ ወይም እሾህ ድመቱን ይከለክላል። ወለሉን ከፍ ማድረግ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም። «ነገ ለምንለቀው ቦታ» የምትሉ ሰዎች ብትኖሩ እኛም ያንኑ ብለን እንደ ነበር አስቡ።

ከዚህ የተሻለ ዘዴ የምታውቁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ይህችን ወረቀትም አንብባችሁ ስትጨርሱ ዶሮ ላለው ጎረቤት አስተላልፉ። ቸር ያገናኘን።