ከመስታወቱ ጣሪያ ላይ



ለትምህርት ጀርመን አገር በነበርንበት ወቅት አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን የበርሊኑን ምክር ቤት፣ ራይሽታግን፣ ለመጎብኘት ሄድን። መግቢያው በነፃ ነው፤ ስም አስቀድሞ ማስመዝገብና መፈተሽ ግን ግድ ነው። ሕንፃው በ1894 እ.ኤ.አ. ቢጠናቀቅም ከበሩ በላይ «ለጀርመን ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ የተተከለው በ1916 ነው።

ሊፍቱ ጣሪያው ላይ አደረሰን። በ1999 ሥራ የጀመረው የመስታወት ጉልላት 40 ሜትር ስፋት አለው። በውስጡ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን መንገድ ይዘን ቁልቁል ስንመለከት የተወካዮቹ ወንበሮች ታዩን። ሕዝብ ከላይ፣ ወኪል ከታች! ተወካይ የወከለውን እንዳይረሳ ታስቦ የተሠራ ነው።

ታሪኩን ስናነብ ግን ደነገጥን። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1933 ሕንፃው ተቃጠለ። ወር ሳይሞላ፣ ማርች 23 ቀን፣ ተወካዮቹ በአንድ የኦፔራ አዳራሽ ተሰብስበው ሕግ የማውጣት ሥልጣናቸውን ለሂትለር መንግሥት አሳልፈው ሰጡ። 444 ደገፉ፤ 94 ተቃወሙ። ከተቃዋሚዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ታስረው ወይም ተሰደው ነበር።

«ታዲያ ያን ጊዜ ጽሑፉ በሩ ላይ አልነበረም እንዴ?» አለ አንዱ ወንድማችን።

ነበረ። ሦስታችንም ዝም አልን። ዝምታችን ምክንያት ነበረው። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓችን ተመራጮች እኛው ነበርን። ለረመዷን ማፍጠሪያ ከተዋጣው ገንዘብ ማንንም ሳናማክር ለቤት ኪራያችን ወስደን ነበር፤ «በኋላ እንመልሳለን» ብለን። መዝገቡን ልይ ያለን ሰው አልነበረም።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው ሰፊ መስክ ላይ ዐስርን ሰገድን። ከሰላምታው በኋላ አንዳችን የሌላውን ዓይን መሸሽ አልቻልንም።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መዝገቡን ይዘን ወንድሞችና እህቶች ፊት ቆምን። የወሰድነውን አንድ በአንድ አነበብን። አንዲት እኅት «ብትጠይቁን እኮ እንሰጣችሁ ነበር» አለች። ከስድብ ሁሉ ይህ ቃል ከበደን። ገንዘቡን በሦስት ወር መለስን። በምርጫው ግን አልመረጡንም፤ ትክክል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ በየወሩ በሁሉም ፊት ይነበብ ጀመር።

ውድ አንባቢ! በእጅህ የዕድር፣ የመስጊድ ወይም የቤተሰብ ገንዘብ አለ? እስኪጠይቁህ አትጠብቅ፤ መዝገቡን ዛሬውኑ ግለጠው።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።