ኦድ ሲወርድ ማን ያተርፋል?

አትክልት ተራ የሠራ ሰው ዋጋ በድንገት ለምን እንደሚዘል አስረጂ አይፈልግም። ከመቂና ከባቱ ቲማቲም የጫነው አይሱዙ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ወሬውን ሌሊት በስልክ የሰማ ነጋዴ በድሮው ዋጋ ሰብስቦ ይይዛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚደርስ ቸርቻሪ በተወደደው ይገዛል። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ይህ ሕግ አብሮ ተጓዘ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወዛደር የቀን ሂሳቡን ይዞ ቤቲንግ ቤት ሲገባ ግን እውቀቱን በር ላይ ይተወዋል። የአንድ ቡድን ኦድ ከ2.10 ወደ 1.75 ሲወርድ ካየ «ጨዋታው ተሸጧል» ብሎ ትኬት ለመቁረጥ ይሮጣል።

ኦድ ዋጋ ነው። 2.10 ማለት ቡድኑ የማሸነፍ ዕድሉ 48 በመቶ ገደማ ተብሎ ተገምቷል ማለት ነው፤ 1.75 ደግሞ 57 በመቶ። ግምቱ የሚቀየረው የአጥቂው ጉዳት ሲሰማ፣ አሰላለፍ ሲወጣ ወይም አስልተው የሚጫወቱ ትልልቅ ተወራራጆች ውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ሲያስይዙ ነው። አንዱ አወራራጅ ሲቀንስ ሌሎቹ ወዲያው ይከተላሉ።

የተሸጠ ጨዋታ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፖላንድ ውስጥ ዳቪደንኮ ከአርጀንቲናዊው ቫሳሎ አርጉዌሎ ጋር ባደረገው የቴኒስ ግጥሚያ የመጀመሪያውን ሴት አሸንፎም ገንዘቡ ወደ ተጋጣሚው ጎረፈ። ዳቪደንኮ በጉዳት አቋረጠ፤ ቤትፌር ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ውርርድ ሰረዘ። አንድ ዓመት የፈጀው ምርመራ ግን በተጫዋቾቹ ላይ ማስረጃ አላገኘም። መርማሪ ከኦድ ብቻ ያልፈረደውን፣ በቴሌግራም «ፊክስድ አለን» የሚል ሰው ከየት አወቀው? ካወቀስ ለምን በጥቂት ብር ይሸጠዋል?

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቀድሞ በ2.10 የቆረጠ 100 ብር ካሸነፈ 210 ይወስዳል፤ ኦድ ወርዶ የሮጠው 175። ሲሸነፉ ሁለቱም እኩል 100 ይከስራሉ። በዚያ ላይ ለድል 2.10፣ ለአቻ 3.30፣ ለሽንፈት 3.40 ቢሰጥ የሦስቱ ዕድል ድምር 107 በመቶ ይመጣል። ከ100 በላይ ያለው የቤቱ ድርሻ ነው፤ ኦድ ሲወጣም ሲወርድም አይቀርም፣ እንደ ደላላ ኮሚሽን። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ደግሞ ለልጆች እራት ከታሰበው ብር ላይ ነው።