ከፊሽካው በኋላ ያለው ሥራ

አርባ ምንጭ ላይ የእግር ኳስ ዳኛ መሆን ቀላል አይደለም። ከሲቀላም መጣ ከሼቻ፣ ተመልካቹ የከተማውን ክለብ አዞዎቹን እያየ ያደገ ስለሆነ ጥፋቱን ከዳኛው እኩል ያያል። የሚያጨቃጭቀው ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሳይሆን ቅጣቱ ነው፦ ከየት ይመታ? አሁን ይነፋ ወይስ ይቆይ? ካርድስ አለው? በወጣቶች ውድድር ላይ ሳጫውት ከተማርኳቸው መካከል ለጀማሪ ዳኞች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን እነሆ።

1. መጀመሪያ ኳሷ በጨዋታ ላይ መሆኗን እዩ።

አንድ ቀን ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ሳለች አንድ ተከላካይ በራሱ አሥራ ስድስት ከሃምሳ ውስጥ አጥቂውን በክርን መታው። ቀዩን አውጥቼ ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ ሳመለክት አምበሉ እየሮጠ መጣና «ዳኛ፣ ኳሷ እኮ እዚያ ነበረች!» አለኝ። ኳሷ የትም ትሁን፣ ከሜዳ እስካልወጣችና ፊሽካ እስካልተነፋ ድረስ የሚታየው ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ነው። ያው ክርን ኳሷ በጎን መስመር ከወጣች በኋላ ቢሰነዘር ኖሮ ቀዩ አይቀርም፤ ፍፁም ቅጣት ምት ግን አይኖርም። ጨዋታው በእጅ ውርወራው ይቀጥላል። ይህን አስቀድሞ ለሁለቱ አምበሎች መንገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

2. ማሊያ ሲጎተት የት እንደተጀመረ ብቻ አትዩ።

ጉተታው ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ ተጀምሮ ውስጥ ከቀጠለ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። መስመሩም ራሱ የክልሉ አካል ነው። ዝናብ ኖራውን ባጠበበት ሜዳ ላይ ይህ ሕግ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ መስመሩ እንዲታደስ ከጨዋታው በፊት ጠይቁ።

3. ቅጣቱ አጥፊውን እንዳይጠቅም።

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ የተጀመረው ሙከራ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ከዚያ የተበደለው ቡድን ቅጣቱን ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ይመርጣል። አጥቂው ቡድን ተጋጣሚውን አላግባብ ይዞ 10 ያርድ ወደ ኋላ ሊቀጣ ሲል ተከላካዩ ኳሷን ነጥቆ ከሆነ፣ ተበዳዩ ቅጣቱን ትቶ ኳሷን ይወስዳል። እኛ ዘንድ ምርጫው የዳኛው ነው፤ ያውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ። አድቫንቴጅ ሰጥታችሁ ጥቅሙ ካልመጣ ወዲያው ተመልሳችሁ መንፋት ትችላላችሁ።

ካርዱን ግን እንዳትረሱ። አደገኛ አገባብ ከነበረ ኳሷ ስትቆም ይወጣል። ግልጽ የግብ ዕድል ያበላሸ ተከላካይ አድቫንቴጅ ከተሰጠ ቀዩ ወደ ቢጫ ይወርድለታል። ተስፋ ሰጪ ጥቃት ብቻ ያቋረጠ ደግሞ ለዚያ ካርድ አያይም፤ ጥቃቱ ቀጥሏላ!

4. ፍፁም ቅጣት ምትና ቀይ ካርድ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

እንደ አውሮፓውያኑ በ2016 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ፣ በክልሉ ውስጥ ኳሷን ለመንካት ሞክሮ ግልጽ የግብ ዕድል ያበላሸ ተከላካይ ቢጫ ነው የሚያየው። ከኋላ የጎተተ ወይም የገፋ ከሆነ ግን ቀዩ አለ። አሮጌውን ሕግ ይዞ «ቀይ! ቀይ!» የሚል ተመልካች ዛሬም አይጠፋም።

5. ረዳታችሁን የምታማክሩት ጨዋታው ከመቀጠሉ በፊት ነው።

አንዴ ከተቀጠለ ውሳኔው አይቀየርም። ስለዚህ ባንዲራው ወደ ላይ ከሆነ ቅጣት ምቱ እንዲመታ አትፍቀዱ።

6. የዘገየ ቅጣት በቀልን ይጋብዛል።

በመስከረም 2011 የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ የተቆጣውን ወጣት ከበቀል የመለሱት በዚህችው ከተማ ነው። ዳኛ ያ ክብር የለውም፤ ያለው ፊሽካና ሁለት እግር ነው። ግጭት ሲነሳ ቶሎ ንፉ፣ ቶሎ ቦታው ድረሱ፣ አጥፊውን ለይታችሁ ቅጡ። ተጫዋች ዝም ብሎ የሚቆመው ጥፋቱ እንደታየለት ሲያውቅ ነው።

7. ካርድ ወደ ኪስ ሲመለስ ነገሩ አያበቃም።

ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ እንደ አውሮፓውያኑ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሰኔ 2005 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ምንያህል ተሾመ ግን በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ስለነበረበት በዚያ ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተን አገር በጨፈረበት ዕለት ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። በኋላም የቦትስዋናው ድል ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተቀየረና ሦስት ነጥብ ሄደ። ወደ መጨረሻው ዙር ለማለፍ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ማሸነፍ ግድ ሆነ፤ 2 ለ 1 አሸነፍን።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ባወጣሁ ቁጥር የማሊያ ቁጥር፣ ስምና ደቂቃ ሳልጽፍ ጨዋታ አላስቀጥልም። ለአሠልጣኞችም የምለው አለኝ፦ የዳኛውንና የኮሚሽነሩን ወረቀት አትጠብቁ፤ የተጫዋቾቻችሁን ካርድ ራሳችሁ መዝግቡ። ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን ነጥብ ቢሮ ውስጥ የምታስከብሩት በዚያ መዝገብ ነው።