ያልተቀበልኩት ብስክሌት

ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ምን ትሠሪያለሽ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «ብስክሌት እየነዳሁ ነው» ስላቸው ይስቃሉ። አልቀየማቸውም። የ64 ዓመት ሴት፣ ያውም አቀስታ ላይ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ፔዳል ስትረግጥ ማየት ያስቃል። ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አይደለም። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ለጋምቦ ወረዳ ሥራ የጀመርኩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ክትባት በአገራችን በፕሮግራም መሰጠት የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የእኛ የወጣቶቹ ዋና ሥራ ገጠር ለገጠር እየዞሩ መከተብ ነበር። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። በረዶ የተደረደረበትን ሳጥን በትከሻችን አንግተን፣ በቅሎ ሲገኝ በበቅሎ፣ ሲጠፋ በእግራችን እንሄዳለን።

አንድ ቀን ለዚሁ ሥራ ተብሎ ብስክሌት መጣልን። ኃላፊያችን «ሲስተር፣ ይኸው ፈረስሽ» አለኝ። እኔ ግን አልቀበልም አልኩ። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጥታ በገበያ መሐል ስታልፍ ሰው ምን ይላል? እናቴስ ብትሰማ? ወንዶቹም አቀበቱን ፈርተው ተዉት። ብስክሌቱ እቃ ቤት ገብቶ ጎማው ተንፍሶ ቀረ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ገበሬ ጎሕ ሳይቀድ በራችንን አንኳኳ። ሚስቱ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሏል፣ ደሙም አልቆም ብሏል። ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ሦስት ሰዓት ተከተልኩት። ስንደርስ ልቅሶው ከሩቅ ተሰማን። ሕፃኑ በአያቱ ጉያ ነበር። እናትየው አልነበረችም።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚገድል ማንም አዋላጅ ያውቃል። ብስክሌቱ ቢኖረኝ አድናት ነበር አልልም፤ ነርስ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር በግምት አልናገርም። የመንገዱ ግማሽ የእግረኛ ገደል ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ብስክሌት የሚያስኬድ ደልዳላ ነበር። በዚያ ግማሽ ላይ የማተርፋት ጊዜ ነበረች። እሷን ያጣኋት በአቅም ማነስ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ይህንን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን ልጠይቅ ፈረንሳይ ሄድኩ። የምትኖረው ቫላንስ በምትባል፣ በሮን ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ነው። አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወደ ደቡብ ይዛኝ ወጣችና ላ ቩልት ከምትባል ትንሽ ከተማ አደረሰችኝ። ሁለት ብስክሌት ተከራየች። «እማዬ፣ ዛሬ ትማሪያለሽ» አለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?» አልኳት።

መንገዱ ዶልቼ ቪያ ይባላል። አርዴሽ በሚባለው ተራራማ አገር የኤሪዩን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ርዝመቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ አቆመ። በኋላ መሬቱን በደቃቅ ጠጠርና በአሸዋ ጠቀጠቁትና ለእግረኛና ለብስክሌት ሰጡት። መኪና አይገባበትም። ድልድዩም፣ ዋሻውም፣ አሮጌዎቹ የባቡር ጣቢያዎችም አሉ። ባቡር ገደል መውጣት ስለማይችል መንገዱ የተሠራው በተራራው ወገብ እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ሆኖ ነው። ለዚህ ነው እንደኔ ጉልበቷ የደከመ ሴት እንኳ የምትችለው።

ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። መዳፌ ተላጠ፤ ራሴው አጥቤ አሰርኩት። በሦስተኛው ሃያ ሜትር ያህል ሄድኩ። ከዚያ ሁለት መቶ። ከኋላዬ መኪና ይመጣል የሚል ስጋት ስለሌለ አእምሮዬ ያለው ሚዛኔ ላይ ብቻ ነበር። የሚያልፉን ሰዎች ሰላምታ ይሰጡናል፤ ከእኔ የሚበልጡ አሮጊቶች ነበሩባቸው። የሚስቅብኝ አጣሁ።

አረፍ ስንል ቀና ብዬ ተራራውን አየሁ። ዳገቱ ሁሉ በድንጋይ ካብ እርከን ተሠርቷል፤ የዱሮ ገበሬዎች ለደረት ነት ዛፍና ለእህል የካቡት ነው። እርከንማ የእኛ የወሎ ነው! «ይኸ እኮ ለጋምቦ ነው» አልኳት ልጄን። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ያቺን ጠዋት አሰብኩና እንባዬ መጣ። የዚያን ቀን ነበር ለልጄ ታሪኩን የነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው አገርሽ ገብተሽ ንጂ» አለችኝ።

አገሬ ስገባ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙ ብዙ የኮረኮንች መንገዶችን በአገሪቱ አውጥቷል። በእኛም በኩል በአንዳንዶቹ ላይ ገበያ በማይውልበት ቀን ግማሽ ቀን ብትቆሙ አንድ መኪና ላታዩ ትችላላችሁ። እኛ ይህንን እንደ ጉድለት ነው የምናወራው፤ «መንገዱ ተሠርቶ መኪና የለውም» እያልን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናን ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀምራ ነበር። ፈረንሳዮቹም ገንዘብ አውጥተው መኪና የማይገባበት መንገድ ያዘጋጃሉ። እኛ ጋ ያለ ወጪ ተቀምጧል። በእግሯ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ትምህርት ቤት የምትደርስ ልጅ፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መኪና እስኪመጣ ለምን ትጠብቅ?

ደሴ ወርጄ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። የጎረቤቴን ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋን፣ ጠራኋትና አብረን መለማመድ ጀመርን። መጀመሪያ አባቷ አኮረፈ። «ሲስተር፣ እርስዎን ማን ይናገራል፣ የእኔ ልጅ ግን ገና የምትዳር ናት» አለኝ። ቡና አፍልቼ ጠራሁትና የዚያን ጠዋት ታሪክ ነገርኩት። አልመለሰልኝም። በማግስቱ የልጅቱን ብስክሌት ፍሬን ሲያጠብቅ አገኘሁት።

መሞከር ለምትፈልጉ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ለኮረኮንች ሰፊ ጎማ ያለው ብስክሌት ምረጡ፤ ጎማውን እንደ አስፋልት አታስጨንቁት፣ ትንሽ ለስለስ ሲል ጠጠሩን ይይዛል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ ድንገት አትያዙ፤ ሁለቱንም በልክ ያዙና ወገባችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። አቀበቱ ከከበዳችሁ ውረዱና ግፉ፤ ነውር የለውም። በቅሎና ፈረስ ስታገኙ ወርዳችሁ አሳልፉ፣ ይደነብራሉ። ውሻ ከመጣ ውረዱና ብስክሌቱን በመሐላችሁ አድርጉ። ክረምት ላይ ጥቁር አፈሩ ጎማ ላይ ስለሚጣበቅ ተዉት። ራስ መከላከያ ቆብ አይቅር። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ የምሞላው በሦስት ጠዋት ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ ለእናቶቻችሁ ዕቃ ስትልኩ ከመካከሉ ካላማዳሪና ካቴና አይጥፋ። እኛ ጋ ብስክሌት የሚቆመው ነጂ አጥቶ ሳይሆን መለዋወጫ አጥቶ ነው።

ሰኞ ዕለት የጎረቤቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በብስክሌት ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ ዳገቱን ስትዞር አየኋት። ልጆች «ሴት በሳይክል!» እያሉ ይከተሏታል። አንዴም ዞር ብላ አላየቻቸውም።