«ሚስ» የሠራችኝ ሥራ

እንግሊዝኛ በፈተና ብቻ የሚጥል መስሏችሁ ከሆነ እኔን ጠይቁኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ሰሞን ነው። አንድ ማታ የተከራየኋትን ክፍል ስከፍት በበሩ ሥር የገባች ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። የእሷ ጽሑፍ ናት፤ «አይ ሚስድ ዩ ቱዴይ» ትላለች። ፍቅር በእንግሊዝኛ ካልተባለ የማይጥመን ዕድሜ ላይ ነበርን። «ናፍቄያታለሁ ማለት ነው!» ብዬ ወረቀቷን ሳምኳት። ትንሽ ትቃጠል ብዬም ሦስት ቀን ተኮፈስኩ።

በአራተኛው ቀን ቤቷ ስሄድ እህቷ ከፈተችልኝ። «ቤይሩት ሄደች እኮ! ድንገት ነው የተጠራችው። ልትሰናበትህ መጥታ አጣችህ» አለችኝ። ክው አልኩ።

መዝገበ ቃላት የገለጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለካ አውቶቡስ ሲያመልጥህም «ሚስ» ነው፤ ኳስ መትተህ ጎሉን ስትስትም «ሚስ» ነው፤ ከክፍል ስትቀርም «ሚስ» ነው፤ ሰው ቤት ሄደህ ስታጣውም ያው «ሚስ» ነው። ያላገባች ሴት የምትጠራበት «ሚስ» ደግሞ ከ«ሚስትረስ» ያጠረ ሌላ ቃል ነው። የእኛ አማርኛ ግን ለናፈቀው ሌላ፣ ላመለጠው ሌላ፣ ለሳተው ሌላ ቃል ሰጥቶ ገላግሎናል።

ዛሬ ሁለቱም ፍቺ ደርሶብኛል። አምልጣኛለችም፣ ናፍቃኛለችም።

እናንተዬ፣ ቃሉን መዝገበ ቃላት ይፈታላችኋል። ጸሐፊዋ ምን ለማለት እንደፈለገች ግን፣ ኩራቱን ትታችሁ በዚያው ማታ ሄዳችሁ ጠይቁ።