ኬላ፣ ቀረጥና መዋጮ

ከቡታጅራ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ቡኢ ሳይደርስ ኬላ የምትባል ከተማ ያገኛል። የመኪናው ረዳት የከተማይቱን ስም ሲጠራ የሚደነግጥ የለም። ይኸው ቃል በመንገድ ላይ ስለ ተዘረጋ ገመድ ሲነገር ግን የነጋዴ ሁሉ እጅ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

እናቴ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ትርፏን ስታሰላ የበርበሬውን ዋጋና የመኪናውን ኪራይ ከጻፈች በኋላ «የኬላ» ብላ ለብቻው ታስቀምጣለች። እኔም አንድ ቀን፣ «ይህ ገንዘብ ለመንገዱ የሚከፈል ነውን?» ብዬ ብጠይቃት፣ «የመንገዱንማ አባቶቻችን ከፍለውታል፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቃሉ ማሰብ አልተውሁም።

ከወልቂጤ ወዲያ ጊቤን ተሻግሮ በሚገኘው በጅማ መንግሥት፣ ኬላ ማለት የድንበር በር ነበር። በሩ ጠባቂ ነበረው፤ ወጪና ገቢው የሚታወቀው፣ ነጋዴውም ቀረጡን የሚከፍለው በዚያ ነበር። ቀረጥ የተባለው ደግሞ «ቀረጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም ከሰው ንብረት ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ ማለት ነው። ማቴዎስ ወንጌላዊ ለሐዋርያነት ሲጠራ የተቀመጠበት ቦታ በአማርኛው መጽሐፍ መቅረጫ መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚሄድ ባለመኪና ሲገባ ካርድ ይቀበላል፤ ሲወጣም እንደ መኪናው ዐይነትና እንደ ሄደበት ርቀት ይከፍላል። ይህ ግን የክፍያ መንገድ ተባለ እንጂ ኬላ አልተባለም። ስሙ መለየቱ በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ የሚከፈለው ስለ መንገዱ ሲሆን በኬላ የሚከፈለው ስለ ጭነቱ ነው። ኬላው መንገዱ ጭቃም ቢሆን አስፋልት ግድ የለውም።

እናቴ «ከፍለውታል» ያለችው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቷል። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተመሠረተ። በአዲስ አበባ በንግድና በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩት ተወላጆች ከዕለት ገቢያቸው እየቀነሱ ሰጡ። የዚህ ስሙ መዋጮ ነው፤ «ወጣ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ሁሉም ከየኪሱ በአንድነት የሚያወጣው ማለት ነው። ቀረጥ ከመንገደኛ ይወሰዳል፤ መዋጮ ግን መንገዱ ሳይኖር፣ ምናልባትም ሰጪው በመኪና ሳይሄድበት የሚሰጥ ነው።

አያቴ ያን ጊዜ መርካቶ የሱቅ ሠራተኛ ነበሩ። የመዋጮውን ደረሰኝ እስከ ዛሬ ድረስ በሣጥናቸው ውስጥ ከርስት ወረቀታቸው ጋር አኑረውታል። የኬላውን ደረሰኝ ግን እናቴ ከገበያ በተመለሰች ማግስት እሳት ታያይዝበታለች።